ሳማርቃንድና የታላስ ምርኮኞች፦ የወረቀት ሥራ አመጣጥ ታሪክ ዳግም ሲመረመር

ከሳማርቃንድ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የኮኒጊል መንደር ወረቀት ዛሬም በእጅ ይሠራል። ውሃ በሚያዞረው መንኮራኩር የሚነሱ መዶሻዎች የተቀቀለ የእንጆሪ ዛፍ ቅርፊት ይወቅጣሉ፤ ፐልፑ በወንፊት ይጠለላል፤ የደረቀው ገጽ እስኪያንጸባርቅ ይታሻል። ሥራው ጠፍቶ በቅርብ አሥርት ዓመታት የተመለሰ ነውና ክብር ይገባዋል። ከእሱ ጋር የሚተረከው ታሪክ ግን ክብር አይገባውም። ትረካው እ.ኤ.አ. በ751 የአባሲዶች ጦር ቻይናውያንን ባሸነፈበት የታላስ ጦርነት የተማረኩ ቻይናውያን ለሙስሊሙ ዓለም ወረቀት መሥራትን አስተማሩ ይላል።

ወረቀት ከባግዳድ እስከ አውሮፓ እንዴት እንደተዛመተ ለማወቅ ጆናታን ብሉም በ2001 ያሳተመው መጽሐፍ ይበቃል። እሱም የታላስን ትረካ ይጠራጠራል። እኔ ከጥርጣሬ አልፌ ልሂድ፤ ሙግቴም ትረካውን ሳይንሳዊ ካባ ካለበሰው ከጆሴፍ ፎን ካራባቼክ ጋር ነው። የቪየናው ምሁር በ1887 ስለ ዓረብ ወረቀት ሲጽፍ ዋና ምስክር ያደረገው በ1038 የሞተውን የኒሻፑሩን አሥ-ሠዓሊቢን ነበር። አሥ-ሠዓሊቢ የጻፈው ከጦርነቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም የየአገሩን ድንቅ ነገር በሚዘረዝር መጽሐፍ ውስጥ ነው።

በታላስ የነበረ ሰው ምስክርነት ግን እጃችን ላይ አለ። ቻይናዊው ዱ ኋን በዚያው ጦርነት ተማርኮ ለዓመታት በአባሲዶች ግዛት ኖረ፤ በ762 በባሕር ወደ አገሩ ተመለሰ። የጻፈው መጽሐፍ ቢጠፋም ዘመዱ ዱ ዮ በ801 ባጠናቀቀው ታላቅ ሥራ ውስጥ ቁርጥራጮቹ ተርፈዋል። በኩፋ ያያቸውን ቻይናውያን ባለሙያዎች ሲዘረዝር ሐር ሸማኔዎችን፣ ወርቅና ብር አንጥረኞችን፣ ሠዓሊዎችን ይጠቅሳል፤ የአንዳንዶቹን ስምና የትውልድ ቦታ ሳይቀር ይነግረናል። ወረቀት ሠሪ የለም። የአገሩን ሰዎች በሙያቸው ለይቶ የመዘገበ ምርኮኛ፣ የቻይና መኩሪያ የሆነው ሙያ ሲተላለፍ አይቶ ዝም አለ ማለት ለእኔ የማይታመን ነው። ዱ ኋንን በግርጌ ማስታወሻ ብቻ ማለፍ ለወረቀት ታሪክ ጸሐፊ ከባድ ጉድለት ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ በራሱ በወረቀቱ ውስጥ ያለው ጭረት ነው። የካራባቼክ ባልደረባ፣ የዕፅዋት ሊቁ ዩሊየስ ቪስነር፣ ከግብፅ የመጡ ጥንታዊ የዓረብ ወረቀቶችን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በአብዛኛው ከአሮጌ የተልባ እግር ጨርቅ እንደተሠሩ አሳየ። ሁለቱም ከዚህ ተነስተው በቡትቶ ወረቀት መሥራት የሳማርቃንድ ፈጠራ ነው አሉ። ሆኖም አርኪዮሎጂስቱ ኦሬል ስታይን በ1907 ከዱንኋንግ በስተምዕራብ በአንድ የጥበቃ ማማ ፍርስራሽ ሳማርቃንድ የምትገኝበት የሶግድ አገር ነጋዴዎችን ደብዳቤዎች አገኘ። የተጻፉት በ4ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ አንዱ የተላከው ወደ ሳማርቃንድ ነበር። የመረመራቸውም ያው ቪስነር ነው፤ ያገኘውም ንጹሕ የቡትቶ ወረቀት። እንግዲህ የሳማርቃንድ ልጆች ከታላስ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በቡትቶ ወረቀት ይጻጻፉ ነበር። የካራባቼክን ድምዳሜ ያፈረሰው የገዛ ባልደረባው ማይክሮስኮፕ ነው።

መጠቀም መሥራት አይደለም የሚል ይኖራል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሙግ ተራራ የተገኙት፣ ከታላስ ጦርነት በፊት የኖረው የሶግዱ የፔንጂኬንት ገዥ የዴዋሽቲች ሰነዶች ከወረቀት ሌላ በቆዳና በእንጨትም ተጽፈዋልና ወረቀት ብርቅ ነበር ይባላል። ብርቅነት ለምርኮኛ መምህር ማስረጃ አይሆንም። ከቻይና ድንበር እስከ ሳማርቃንድ የንግድ መረብ የዘረጋ ሕዝብ የሚጽፍበትን ዕቃ አሠራር ለመማር ጦርነት አላስፈለገውም። ወረቀት ሠሪ ምርኮኛ ከነጭራሹ አልነበረም ብዬ አልምልም፤ የትረካው ሸክም ግን በእንዲህ ያለ ምናልባት ላይ አይቆምም።

የኮኒጊል ባለሙያዎች ቅርፊቱን ይተዉ አልልም፤ ወረቀታቸው ያማረ ነው። ቪስነር የመረመረውን ዓይነት ወረቀት ማስነሳት ከተፈለገ ግን በመዶሻዎቹ ሥር መግባት ያለበት አሮጌ የተልባ እግርና የሄምፕ ጨርቅ ነው። ለጎብኚዎችም ከምርኮኞቹ ይልቅ ያቺ ሳማርቃንድ ሳትደርስ የቀረችው ደብዳቤ ትነገራቸው።