የሰመሩ ዝርዝር ከየት መጣ?

አሜሪካ በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት፣ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርስ ሲቃረብ አንድ ወረቀት ይገባል። ወረቀቱ የሚመጣው ትምህርት ሲዘጋ ነው፤ በእኛ አፍ ክረምት፣ በእነሱ አፍ "ሰመር" በሚባለው ጊዜ። ልጁ ትምህርት ሲከፈት "ኤ.ፒ. ሊትሬቸር" የሚሉትን ከፍ ያለ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስለሚጀምር፣ እስከዚያ እነዚህን መጻሕፍት አንብቦ ይምጣ ይላል። ወላጅ ወረቀቱን አይቶ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ "ስንት መጽሐፍ ነው? መቼ ይጨርሰዋል?"

በጥያቄው አልፈርድም። ኮሌጅ ውድ ነው። በዚህ ፈተና ጥሩ ነጥብ ላመጣ ተማሪ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮርስ ይቆጥሩለታል። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ወላጅ ይኼ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዳየሁት፣ መጽሐፍ የጨረሰ ተማሪና መጽሐፍ ያነበበ ተማሪ አንድ አይደሉም። ዝርዝሩ ከየት እንደመጣ ብናውቅ፣ ልጆቹ ሰመሩን በምን ቢያሳልፉት እንደሚበጅ መገመት አይቸግረንም።

ታሪኩን ከ1874 እንጀምር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ሃርቫርድ ለመግባት የሚፈተኑ ወጣቶች ከታወቁ ደራስያን ሥራዎች በሚወጣ ርዕስ ላይ አጭር ድርሰት እንዲጽፉ ተጠየቁ። የሥራዎቹም ስም አስቀድሞ ተነገራቸው፤ የሼክስፒር ሦስት ተውኔቶች፣ የጎልድስሚዝ አንድ ልብ ወለድ፣ የዋልተር ስኮት ሁለት ሥራዎች። በጠቅላላው ስድስት። ሌሎች ኮሌጆችም የየራሳቸውን ዝርዝር ሲያወጡ ፍዳው የመምህሩ ሆነ፤ አንዱን ተማሪ ለዚህ ኮሌጅ፣ ሌላውን ለዚያ ኮሌጅ ማዘጋጀት ነበረበት። ኋላ ላይ ኮሌጆቹ ተመካክረው ዝርዝሩን አንድ ወደ ማድረግ መጡ። በ1900 ኮሌጅ ቦርድ ተመሠረተ፤ በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያውን ፈተና ሲሰጥ የተቀመጡት 973 ተፈታኞች ነበሩ።

ታዲያ መምህራኑ ዝም አላሉም። በ1911 ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የእንግሊዝኛ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤትን ሲያቋቁሙ፣ ካነሳሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ከላይ የሚወርድ ዝርዝር ነበር። ኮሌጅ ለሚገቡት ጥቂቶች ተብሎ የሁሉም ልጅ ንባብ ለምን ይወሰናል? ጥያቄው ይህ ነበር። ዛሬም ያረጀ ጥያቄ አይመስለኝም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ሌላ ችግር ታየ። ጎበዝ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ የተማረውን ኮሌጅ ገብቶ ይደግመዋል። በ1952 ሦስት ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤቶች ከሃርቫርድ፣ ከዬልና ከፕሪንስተን ጋር ሆነው ይህንኑ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። በዚያው ሰሞን የኬንዮን ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ጎርደን ቻልመርስ ሌሎች ኮሌጆችን አስተባብረው፣ ተማሪው የኮሌጅ ትምህርት እዚያው ትምህርት ቤቱ ሳለ እንዲጀምር የሚያስችል ዕቅድ ነደፉ። ገንዘቡ ከፎርድ ፋውንዴሽን በኩል ተገኘ። ኮሌጅ ቦርድ ሥራውን ተረክቦ በ1956 ሲፈትን፣ ከ104 ትምህርት ቤቶች 1,229 ተማሪዎች ቀረቡ። ዛሬ የሥነ ጽሑፉን ፈተና ብቻ በዓመት ከ300 ሺህ በላይ ተማሪዎች ይወስዱታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቻልመርስ በ1937 ወደ ኬንዮን ካመጧቸው ሰዎች አንዱ ገጣሚና ሐያሲ ጆን ክሮ ራንሰም ነበር። ራንሰምና ባልደረቦቹ ከ1948 እስከ 1950 በየሰመሩ በኬንዮን የሥነ ጽሑፍ ሂስ ትምህርት ቤት ያካሂዱ ነበር። ትምህርታቸው ባጭሩ፣ ስለ ግጥሙ የተባለውን ትተህ ራሱን ግጥሙን ቃል በቃል አንብብ የሚል ነው። የዛሬውን ፈተና ያየ ሰው የዚያን ዘመን መንፈስ አያጣውም። ተማሪው ሦስት ድርሰት ይጽፋል፤ አንዱ ስለ ቀረበለት ግጥም፣ ሁለተኛው ከልብ ወለድ ስለተቀነጨበ ምንባብ፣ ሦስተኛው ራሱ መርጦ ስለሚያመጣው ሥራ። ኮሌጅ ቦርድ የግድ ይነበቡ የሚላቸው መጻሕፍት ዝርዝር የለውም። ቤት የገባው ወረቀት የመምህሩ ወይም የትምህርት ቤቱ ነው እንጂ የፈተናው አይደለም።

የቅኔ ቤት ሰው ይህን ቢሰማ አይደንቀውም። ብዙ ቅኔ ስለሰማ ብቻ ባለቅኔ የተባለ የለም። ሰሙን ከወርቁ መለየት፣ ከዚያም የራሱን መቁጠር አለበት። ያልታየ ግጥም ፊቱ ሲቀመጥ ተማሪውን የሚያወጣው ይኸው ልማድ ነው።

አቋራጩም ግን ወዲያው ነው የተከተለው። ፈተናው በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1958፣ ክሊፍተን ሂሌጋስ የተባለ ኔብራስካ የሚኖር ሰው በ16 የሼክስፒር ሥራዎች ላይ ማብራሪያና ማጠቃለያ የያዙ ቀጫጭን መጻሕፍት አሳተመ። ክሊፍስ ኖትስ የሚባሉት ናቸው፤ እኛ "ሾርት ኖት" የምንለው ዓይነት። ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ ማጠቃለያውን በሰኮንድ ጽፎ ይሰጣል። ማጠቃለያ ማን ማንን እንዳገባና ማን እንደሞተ ይነግራል። ደራሲው ያቺን ቃል ለምን እንደመረጠ የሚያየው ግን ገጹ ላይ የቆየ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሚጠይቀኝ ወላጅ የምለው ይህን ነው። መምህሩ ያዘዘው ይነበብ። ከዚያ በላይ አሥር መጽሐፍ ከማሯሯጥ፣ ሦስት ወይም አራት ሥራ ደግሞ ማንበብ ይሻላል፤ እርሳስ ይዞ፣ ኅዳጉ ላይ እየጻፈ። በቀን አንድ ግጥም፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ። ሰመር ለሁሉም ልጅ እኩል እንዳልሆነም አንርሳ። አንዱ ካምፕ ይሄዳል፤ ሌላው ነዳጅ ማደያ ካሸር ሆኖ ይውላል፣ ወይም ታናናሾቹን ይጠብቃል። ለዚህኛው ልጅ ረጅም ዝርዝር ቅጣት ነው። በቀን ሃያ ገጽ ግን ከሥራ መልስም ይቻላል፤ መጽሐፉም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ ይገኛል።

ለሦስተኛው ድርሰት የሚሆነውን ሥራ ደግሞ ከሩቅ ብቻ አይፈልጉ። ዲናው መንግሥቱ በ2007 ያሳተመው ልብ ወለድ ዋሽንግተን ውስጥ ሱቅ ስለከፈተ ኢትዮጵያዊ ነው። መዓዛ መንግሥቴ በ2019 ያሳተመችው ጣሊያንን ስለተዋጉ ሴቶች ነው። ልጁ የአያቱን አማርኛ እየሰማ ካደገ፣ አንድ ቃል ሁለት ነገር እንደሚናገር ቀድሞ ያውቃል። ወላጅ ከ"ስንት ጨረስክ?" ይልቅ "ዛሬ ያነበብከው ላይ ምን ገረመህ?" ብሎ ይጠይቀው፤ በአማርኛም ቢመልስ ግዴለም።