ብር በአራዳ፦ ከገበያ እስከ ጨለማ ክፍል

በአማርኛ «ብር» የሚለው ቃል ማዕድኑንም ገንዘቡንም ይጠራል። ይህ የስም መጋራት ታሪክ አለው። ከዐድዋ ድል በፊትም ሆነ በኋላ በኢትዮጵያ ገበያ ዋነኛው መገበያያ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸበት ጠገራ ብር ነበር። የአንዱ ጠገራ ክብደት 28.07 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላም ያው ዓመት ሳይለወጥ እየታተመበት ለብዙ ዘመን ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በራሳቸው ምስል በፓሪስ ያሠሩትና 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት ብር ወደ ገበያ ቢገባም፣ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ፈጽሞ ሊተካው አልቻለም።

በአዲስ አበባ የዚህ ብር ዋና መናኸሪያ አራዳ ነበር። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ በሚቆመው ገበያ ሻጭና ገዥ ጠገራውን እየቆጠረ ይለዋወጥ ነበር። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ይህንኑ ልማድ ይዞ ለመሥራት ተገዷል። በጣልያን ወረራ ዘመን ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ ሲዛወር፣ ለአራዳ እምብርት ፒያሳ የሚለው ስም ቀረለት። ጠገራውም በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ከመገበያያነት እየወጣ ሄደ።

ይሁን እንጂ ብሩ በገንዘብነት ብቻ አልተወሰነም። አንጥረኛው እሳቱን በወናፍ እያናፋ ጠገራውን አቅልጦ መስቀል፣ አምባርና ጉትቻ ያደርገው ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ያለው ባለሙያ ብርና መዳብ በእሳት ፊት አንድ ዓይነት ጠባይ እንደሌላቸው በዓይኑ ያያል። መዳቡ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የሥራውን ገጽ ያጠቁረዋል፤ ብሩ ግን ብር ሆኖ ይቆያል። ጥቁሩ ገጽ በቀጠነ አሲድ ሲታጠብ የመዳቡ ኦክሳይድ ሟሙቶ ይሄድና ነጩ ብር ይገለጣል።

የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ በኤሌክትሮን ላይ የቆመ ነው። ኦክሲዴሽን የሚባለው ኤሌክትሮን መስጠት፣ ሪዳክሽን የሚባለው ደግሞ መቀበል ነው። ስሙ ከኦክሲጅን ይምጣ እንጂ ኦክሲጅን በሌለበትም ይፈጸማል። ሁለቱ እንደ ሻጭና ገዥ ናቸው፤ አንዱ ሳይሰጥ ሌላው ሊቀበል አይችልም። እያንዳንዱ ብረት ኤሌክትሮኑን አጥብቆ የሚይዝበት ኃይል በቮልት ይለካል። በዚህ መለኪያ መዳብ 0.34፣ ብር 0.80፣ ወርቅ 1.50 ቮልት ይዘው ይሰለፋሉ። ስለዚህም ብር በሟሟበት ውሃ ውስጥ መዳብ ቢነከር፣ መዳቡ ኤሌክትሮኑን ለብሩ አስረክቦ ራሱ ይሟሟል፤ ብሩም በላዩ ላይ ይቀመጣል። ወርቅ ሠሪ የወርቅን ንጽሕና በናይትሪክ አሲድ ሲፈትን መዳቡና ብሩ ሲሟሙ ወርቁ የሚቀረው በዚሁ ሥርዓት ነው።

በዚያው በአራዳ ሌላ የብር ሙያም ተተክሏል፤ ይኸውም ፎቶግራፍ ነው። በ1890ዎቹ መጨረሻ ግድም ወደ ኢትዮጵያ የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው በቤተ መንግሥት አገልግለዋል። ከዚያ ወዲያ ፎቶግራፍ የመኳንንት ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ሙሽራውም ተማሪውም ወታደሩም ፒያሳ ሄዶ የሚነሣው ሆነ።

በፊልሙ ላይ የተቀባው የብር ብሮማይድ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ከብሮማይዱ የተላቀቀው ኤሌክትሮን ወደ ብሩ ይሻገርና ለዓይን የማይታዩ ጥቂት የብር አቶሞች ይፈጠራሉ። በጨለማው ክፍል የሚጨመረው ማጠቢያ ሃይድሮኩዊኖን የተባለ ውሕድ አለበት። ይህ ውሕድ ኤሌክትሮኑን ለብሩ ሰጥቶ ራሱ ኩዊኖን ሲሆን፣ ብርሃን የነካው ሁሉ ወደ ጥቁር የብር ቅንጣት ይለወጣል። የሰው መልክ የሚታየው በነዚህ ቅንጣቶች ነው።

ሕይወት ባለው አካልም የዚሁ ዘመድ የሆነ ልውውጥ አለ። በ1957 እ.ኤ.አ. ከከብት ልብ ሚቶኮንድሪያ ተለይቶ የታወቀው ዩቢኩዊኖን የሃይድሮኩዊኖንና የኩዊኖን ወገን ነው። ከምግብ የተገኘውን ኤሌክትሮን ተቀብሎ ለሳይቶክሮሞች ያስተላልፋል፤ እነርሱም በመጨረሻ ለምንተነፍሰው ኦክሲጅን ያስረክባሉ። በዚህ ጉዞ የሚገኘው ጉልበት ለሕዋሱ ሥራ እንዴት እንደሚውል ያስረዳው እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል በ1978 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው ፊልሙን በሚያጥብበት ጊዜ በሳህኑ ውስጥም በገዛ ክንዱ ውስጥም ተቀራራቢ ሥራ ይከናወን ነበር ማለት ነው።

ይሁንና ምስሉን ያስገኘው ልውውጥ ምስሉን ያጠፋዋል። በአየር ውስጥ ያለ ጥቂት የድኝ ጋዝ፣ የከሰልና የመኪና ጭስ፣ ርካሽ ካርቶን፣ በደንብ ታጥቦ ያልወጣ የፊልም ማጽኛ ኬሚካል ብሩን ኤሌክትሮኑን ያስጥሉታል። መልኩ ይቀየማል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ጠርዙም እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል። የጠቆረ የብር መስቀል በአሉሚኒየም ላይ ተቀምጦ ሶዳ ባለበት ሙቅ ውሃ ቢነከር፣ አሉሚኒየሙ ኤሌክትሮን ይሰጠውና ብሩ እንደ ቀድሞው ይነጣል። ለፎቶግራፍ ግን ይህ መድኃኒት አይሠራለትም። መልክ ማለት የቅንጣቶቹ አቀማመጥ በመሆኑ፣ ከስፍራው የሄደው ብር ተመልሶ ብር ቢሆን እንኳ ፊቱ አይመለስም።

ነገሩን አስቸኳይ የሚያደርገው ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በብዙ አገር አሮጌ ፊልም ብሩ እንዲወጣለት ሲቃጠል ኖሯል፤ የጥቂት ግራም ብር ዋጋ ከአንድ ትውልድ መልክ በልጦ የታየበት ጊዜ ነበር። ሁለተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ ነዋሪውና ነጋዴው ዕቃውን ይዞ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል። በየሣጥኑና በየቁም ሣጥኑ ያለ አልበምና ኔጋቲቭ በእንዲህ ያለው ጉዞ በቀላሉ እርጥበትና ፀሐይ ያገኘዋል፤ ወይም «አሮጌ ነው» ተብሎ ይጣላል።

መከላከያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ደረቅ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ስፍራ፤ አሲድ የሌለው የወረቀት ከረጢት፤ ሳይዘገይም በዲጂታል መቅረጽ ይበቃል። በወረቀቱ ላይ የቀረ ማጽኛ መኖሩን መመርመር ግን የኬሚስት እጅ ይሻል። የአራት ኪሎ የሳይንስ ቤተ ሙከራዎች ከፒያሳ የእግር መንገድ ያህል ናቸው፤ በዚያ የሚሰጠው የኦክሲዴሽንና የሪዳክሽን ትምህርትም ለዚህ ሥራ ይበቃል። አራዳ ጠገራውን አቅልጦ መስቀል አድርጎታል፤ ሌላውን ብር ደግሞ መልክ አድርጎታል። መስቀሉን የሚወለውል ባለቤት አለው። መልኩን የመጠበቁ ሥራ ግን የብሩን ጠባይ በሚያውቀው ባለሙያ ላይ የወደቀ ነው።