ስልሳ ሴኮንድ የሚፈጅ ፎቶ

እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፣ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ። ካሮላይን ሃንተር ፖላሮይድ ኩባንያ ውስጥ ኬሚስት ናት፤ ኬን ዊሊያምስም እዚያው ይሠራል። አንድ ቀን ለምሳ ሲወጡ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የናሙና መታወቂያ ተለጥፎ አዩ። ፎቶው የሚያውቁት ጥቁር የሥራ ባልደረባቸው ነው። የተጻፈው ግን የደቡብ አፍሪካ የማዕድን መሥሪያ ቤት ስም ነው። ኩባንያችን እዚያ ምን ይሠራል?

ጥያቄው ለምን እንዳስደነገጣቸው ለመረዳት «ፓስ» የሚባለውን ደብተር ማወቅ ያስፈልጋል። በአፓርታይድ ዘመን ዕድሜው 16 የሞላ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ ፎቶውና የአሠሪው ፊርማ ያለበትን ይህን ደብተር ካልያዘ በገዛ አገሩ ይታሰራል። በ1960 ሻርፕቪል ላይ ሕጉን ከተቃወሙት ሰዎች 69ኙ በፖሊስ ጥይት ተገድለዋል።

ሌላ ፊልም ታጥቦ እስኪታተም ይጠበቃል። የፖላሮይድ ፎቶ ግን በ60 ሴኮንድ ገደማ እዚያው ይደርሳል። ለልደትና ለሠርግ ደስ የሚለው ይኸው ፍጥነት፣ ሚሊዮኖችን መመዝገብ ለሚፈልግ መንግሥትም ተመቸው።

ካሜራ ግን ሌላም ሥራ ነበረው። ደቡብ አፍሪካዊው ኧርነስት ኮል ፖሊስ ፓስ የሌላቸውን በካቴና አስሮ ሲወስድ በድብቅ አነሳ። በ1967 አሜሪካ የታተመው መጽሐፉ አገሩ ውስጥ ታገደ።

ሃንተርና ዊሊያምስ በራሪ ወረቀት በተኑ፣ ሰልፍ ጠሩ፣ ሰው የፖላሮይድን ዕቃ እንዳይገዛ ቀሰቀሱ። ኩባንያው በ1971 ለደቡብ አፍሪካ መንግሥት መሸጥ አቆማለሁ አለ፤ ሃንተርን ግን ከሥራ አባረራት። በ1977 የአገሩ አከፋፋይ በስውር ለመንግሥት ይሸጥ እንደነበር ሲጋለጥ፣ ፖላሮይድ ከደቡብ አፍሪካ ጠቅልሎ ወጣ። የፓስ ሕግ የተሻረው በ1986 ነው።

እኔ ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው። እኛ ሰፈር «እኔ መሣሪያውን ሠራሁ፣ አጠቃቀሙ የተጠቃሚው ጉዳይ ነው» የምትባል ነገር አለች፤ እኔም ብያታለሁ። ዛሬ ፊት የሚለይ ሶፍትዌር ስልክም ይከፍታል፣ ሰልፈኛም ይለቅማል። ሃንተር ደመወዝተኛ ነበረች እንጂ ባለሥልጣን አልነበረችም። ያደረገችው ነገር ለምሳ ስትወጣ ያየችውን መታወቂያ አይታ አለማለፍ ነው።