ምርጫና ዋጋው

የሰው ጠባይ በሥራው እንደሚታወቅ ሁሉ በጨዋታውም ይታወቃል። ስለዚህ የጨዋታን ታሪክ መመርመር ከንቱ ድካም ነው የሚል ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልስማማም።

በአሜሪካ አገር ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሰዎች በ1974 (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ አወጡ። ተጫዋቹ አንድ የልብ ወለድ ሰው ሆኖ በቃልና በዕጣ ይጫወታል። በ1986 ደግሞ ስቲቭ ጃክሰን ገርፕስ የሚባለውን ደንብ አሳተመ። በዚህ ደንብ ተጫዋቹ መልካም ችሎታን በነጥብ ይገዛል፤ ነጥብ ቢያንሰው ግን ፈሪነትን ወይም ስስትን የመሰለ ጉድለት ተቀብሎ በምትኩ ነጥብ ያገኛል።

ኢንተርፕሌይ የተባለው ኩባንያ በቲም ኬይን መሪነት ፎልአውት የሚባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲጀምር በገርፕስ ደንብ ሊሠራው አስቦ ነበር። ስምምነቱ ስለ ፈረሰ የራሱን ደንብ አበጀ፤ ጨዋታውም በ1997 ወጣ። ታሪኩ ዓለም በኑክሌር ጦርነት ከጠፋች በኋላ ከምድር በታች ከሚኖሩት ወገኖች አንዱ የውሃ ማጣሪያቸውን የሚያሠራ ዕቃ ሊፈልግ መውጣቱን የሚናገር ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተሰጠው ጊዜ 150 ቀን ነው።

ተጫዋቹ መጀመሪያ ሰባቱን የተፈጥሮ ኃይሎች ይመድባል። ማስተዋልን እጅግ አሳንሶ ለጉልበት ያደላ እንደ ሆነ፣ ሰው ሲያነጋግረው በቅጡ መመለስ ያቅተዋል። ከዚያም ቢፈልግ እስከ ሁለት ዐመል ይመርጣል፤ እያንዳንዱ ዐመል ጥቅሙን ከጉዳቱ ጋር ያመጣል። ለምሳሌ ባለ ተሰጥዎ መሆንን የመረጠ ሰባቱ ኃይሎቹ አንድ አንድ ሲጨመርላቸው የሙያ ችሎታው ሁሉ ይቀነስበታል። ፐርክ የሚባለው ልዩ ችሎታ ደግሞ በየሦስት ደረጃው አንድ ጊዜ ይሰጣል። የደረጃው መጨረሻ 21 ስለ ሆነ፣ በዚህ አካሄድ ተጫዋቹ ከብዙ ፐርክ መካከል ሰባት ብቻ ይመርጣል።

የኋለኞቹ ግን እጃቸውን ዘረጉ። ቤተዝዳ በ2008 ባወጣው ሦስተኛው ፎልአውት ዐመሎቹ ተወገዱ፤ ፐርክም ከሁለተኛው ደረጃ ጀምሮ በየደረጃው ይሰጥ ጀመር። ኦብሲዲያን በ2010 በኒው ቬጋስ ዐመሎቹን መለሰ፤ ፐርኩንም በየሁለት ደረጃው አደረገ። በ2015 የወጣው አራተኛው ፎልአውት ግን የደረጃ ወሰን ስለሌለው፣ ጊዜ የተረፈው ሰው ውሎ አድሮ ፐርኩን ሁሉ ሊሰበስብ ይችላል።

ይህ ልግስና መስሎ ይታያል። ነገር ግን ሁሉን የሰበሰበ ሰው ሁሉን ከሰበሰበ ከሌላው በምን ይለያል? ሰባት ብቻ የተፈቀደለት አንዱ አንደበተ ርቱዕ፣ አንዱ ተኳሽ፣ አንዱ ሐኪም ሆኖ መንገዱን ይጨርሳል፤ ስምና መልክ የሚሰጠው የተወው ነገር ነው። አባቶቻችን «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ያሉት ገበያው ስለ ጠበበ አይደለም፤ ሁሉን የሚመኝ አንዱንም ሳይይዝ እንደሚመለስ ስላወቁ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የጨዋታው ሰው ቢጠፋ እንደገና ይጀመራል። የአንተ ዕድሜ ግን የደረጃ ወሰን አለው። ሐኪምም፣ ነጋዴም፣ ደራሲም እሆናለሁ እያልክ ዘመንህን ከምትበትን አንዱን ምረጥ፤ የምትተወውንም ዛሬውኑ ቈጥረህ እወቅ። ዋጋውን ዐውቆ የመረጠ ሰው መንገዱ በከበደበት ቀን ወደ ኋላ አይመለከትም።