በጢያ የቆሙ ድንጋዮች

ከሌሞ ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በሶዶ አገር ጢያን ያገኛል። እኔም ብዙ ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። በዚያ 36 ድንጋዮች ቆመዋል፤ 32ቱ የሰይፍና የልዩ ልዩ ምልክት ቅርጽ አለባቸው። በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው።

ብዙ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ግራኝ አሕመድ የዘመተው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ቦታውን ቆፍረው የመረመሩ ሊቃውንት ግን ከእርሱ ዘመን የቀደመ መቃብር አገኙ፤ የተቀበሩትም ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው ወንዶችና ሴቶች ናቸው።

እንግዲህ ልጆቼ ሆይ፣ በዚያ የተኙት የእናንተ እኩዮች ናቸው። የዘመናቸው ሰዎች ደክመው ድንጋዩን ጠረቡ፤ የኋላ ሰው ግን ድካማቸውን ለዝነኛ ስም ሰጠባቸው። ይህ ቀላል በደል አይደለም፤ ያልተመረመረ ወሬ ሙታንን ዳግመኛ ይቀብራልና።

ኢያሱ ከዮርዳኖስ 12 ድንጋዮች አስወጥቶ በጌልገላ ያቆመው፣ ልጆች አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ ነበር። ስለዚህ በጢያ ስታልፉ ከመኪና ውረዱ፤ ተመልከቱ፤ ጠይቁ። መልሱን ባታገኙም «አላውቅም» ማለት ነውር አይደለም፤ ነውሩ የሌላውን ሥራ ላልሠራው ሰው መስጠት ነው።