የፋሲካ ዕንቍላልና የጾም ሥርዐት

የፋሲካን ልማድ ለማጥናት የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያተኵረው በበዓሉ ማዕድ ላይ ነው። ነገር ግን ማዕዱ ትርጕሙን የሚያገኘው አስቀድሞ ካለፈው ጾም ነው። ለዚህም ዋና ምስክራችን ዕንቍላል ነው።

ዕንቍላልን በበዓል ማዕድ ማቅረብ የክርስቲያን ልማድ ብቻ አይደለም። አይሁድ በፋሲካቸው ሌሊት የተጠበሰ ዕንቍላል ያኖራሉ፤ ፋርሶችም ለኖውሩዝ በቀለም ያስጌጡታል። በክርስቲያን ፋሲካ ግን መብዛቱን የሚያስረዳን ጾሙ ነው። በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ በዐቢይ ጾም ከሥጋ ሌላ ዕንቍላልም የተከለከለ ነበር። ዶሮ ግን ጾም አታውቅምና መጣሏን አትተውም፤ ስለዚህ በትንሣኤ ዕለት ዕንቍላል ማዕዱን ይሞላው ነበር። በ1290 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የእንግሊዝ ንጉሥ የኤድዋርድ ቀዳማዊ የወጪ መዝገብ ለ450 የፋሲካ ዕንቍላል 18 ፔንስ መከፈሉን ያመለክታል።

ጾሙ በጸናባቸው አገሮች ይህ ትስስር እስካሁን ይታያል። ግሪኮች በጸሎተ ኀሙስ ዕንቍላሉን የክርስቶስ ደም ምሳሌ አድርገው ቀይ ያቀልሙታል፤ በትንሣኤ ሌሊት «ክርስቶስ ተነሣ» እየተባባሉ አንዱ የያዘውን ከሌላው ጋር ያጋጨዋል። ከዚያም ከበግ ጠቦት ሆድ ዕቃ በተሠራው ማዪሪትሳ በሚባለው ሾርባ ጾሙን ይፈታሉ። በኢትዮጵያም 55 ቀን የጾመው ምእመን ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሶ የሚገድፍበት ዶሮ ወጥ ያለ ዕንቍላል አይቀርብም።

በምዕራብ ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። በ1522 ዓ. ም. በዙሪክ ከተማ ጥቂት ሰዎች በዐቢይ ጾም ቋሊማ በሉ፤ ዝዊንግሊም ይህን ደግፎ ሰበከ። በፕሮቴስታንት አገሮች የግዴታው ጾም እየቀረ ሄደ፤ በካቶሊካውያንም ዘንድ ሥርዐቱ ቀስ በቀስ ላላ። ዕንቍላሉ ግን አልቀረም። በ1873 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር ከቸኮላታ የተሠራ የፋሲካ ዕንቍላል ለገበያ ቀረበ። ስሙና ቅርጹ ቈየ፤ ለመብዛቱ ምክንያት የነበረው ጾም ግን ከብዙዎች ሕይወት ወጣ።

ስለዚህ የባህል ተመራማሪ የማዕዱን ዝርዝር ብቻ ጽፎ ቢያልፍ ውጤቱን ይዞ ምክንያቱን ይለቃል። በዓልን የሚመዘግብ ሁሉ ሕዝቡ በዚያ ቀን የሚበላውን ብቻ ሳይሆን፣ እስከዚያ ቀን ምን ሳይበላ እንደ ቈየም መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ለእኛም የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ጾሙ የላላ እንደ ሆነ የዶሮ ወጡ ዕንቍላልም እንደ ቸኮላታው ታሪኩን የማይናገር ጣፋጭ ምግብ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላልና።