ቮልስዋገን ቢትል በኢትዮጵያ

ቮልስዋገን ቢትል፣ በኢትዮጵያ በተለምዶ ቮልስ የሚባለው፣ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠና በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት በር የጀርመን የቤት መኪና ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ድረስ 21,529,464 ቢትሎች ተሠርተዋል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የዛሬ ሃምሳና ስልሳ ዓመት የተሠሩ ቮልሶች አሁንም በየቀኑ ይሽከረከራሉ። ይህ ጽሑፍ የመኪናውን አጭር ታሪክ፣ አሠራሩን፣ የሚያስፈልገውን ጥገና እንዲሁም በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ ረጅም ጉዞ ሲደረግበት ሊታወቁ የሚገባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል።

ታሪክ

መኪናውን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ዛሬ ቮልፍስቡርግ በምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1938 ተጣለ። ለሕዝብ በብዛት መመረት የጀመረው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ፋብሪካው በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር በነበረበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1972 የተመረተው ብዛት 15,007,034 ደርሶ የአሜሪካውን ፎርድ ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጨረሻው ቢትል ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው።

በኢትዮጵያ የመኪና ጉዞ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገብቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ መንገዶች እየተሻሻሉ ሲሄዱ ትንንሽ የቤት መኪናዎችም ከከተማ ወጥተው ለመጓዝ ቻሉ። ቮልስ ከፊያትና ከፔጆ ጋር በዚያ ዘመን የተለመደ መኪና ሆነ።

ቮልስ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የሚታወስበት አንድ ቀን አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ቢትል ነበር። በሮልስ ሮይስ ይታወቁ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በተራ ሰው መኪና መወሰዳቸው በብዙዎች ዘንድ የዘመኑ መለወጥ ምልክት ተደርጎ ይነሳል።

አሠራሩ

የቮልስ ሞተር አራት ሲሊንደሮች አሉት። ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ በኩል ተኝተው ፊት ለፊት ይተያያሉ። መጠኑ እንደ ሞዴሉ 1200፣ 1300፣ 1500 ወይም 1600 ሲሲ ሲሆን ጉልበቱም ከ34 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ነው። በባሌስትራ ፋንታ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ መኪናውን ይሸከማል። የነዳጅ ታንኩ 40 ሊትር ያህል ይይዛል፤ የሚገኘውም ከፊት ነው።

ራዲያተር ስለሌለው ውኃ አይፈላም፣ አይፈስም፣ ቱቦም አይፈነዳም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ የታሰረ ማራገቢያ ነው። ዲናሞውንና ማራገቢያውን የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ብቻ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ዲናሞው ባትሪ መሙላት ያቆማል፣ ማራገቢያውም ይቆማል። ስለዚህ በሌላ መኪና «ባትሪ አይሞላም» የሚለው ቀይ መብራት በቮልስ ላይ «ሞተሩ አየር አጥቷል» ማለት ሊሆን ይችላል። መብራቱ በጉዞ ላይ ከበራ ወዲያውኑ መቆምና ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል። «ቀጣዩ ከተማ ደርሼ አሠራዋለሁ» ብሎ መንዳት ሞተሩን ያቃጥለዋል።

መደበኛ ጥገና

ቮልስ ቀላል መኪና ቢሆንም ትኩረት ይፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው።

የሞተር ዘይት፦ ሞተሩ የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው። ዛሬ እንደምናውቃቸው መኪናዎች የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው በሥሩ የተገጠመ የሽቦ ወንፊት ነው። ወንፊቱ ትልልቅ ቆሻሻን ቢይዝም ደቃቅ ብናኝን አያስቀርም። በመሆኑም ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አቧራ በሚበዛበት መንገድ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ይቀየራል። በዚያው ጊዜ ወንፊቱ ይታጠባል።

ቫልቭ፦ የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ጊዜ ይለካል። እንደ ሞተሩ ዓይነት 0.10 ወይም 0.15 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሙቀቱን ወደ ሲሊንደሩ ራስ ማስተላለፍ ስለማይችልም ይቃጠላል። የዘይት ማቀዝቀዣው የአየር መንገዱን በከፊል ስለሚጋርድበት ከሁሉ ይልቅ የሚሞቀው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። የሚንኳኳ ቫልቭ ድምፁ ቢረብሽም ጊዜ ይሰጣል፤ አደገኛው ድምፅ የማያሰማው የጠበበ ቫልቭ ነው።

ቺንጋ፦ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት። የሚስተካከለው በፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል ያሉትን ቀጫጭን ቀለበቶች በመቀነስ ወይም በመጨመር ነው። ቀለበት ሲቀነስ ቺንጋው ይጠብቃል። የወጡት ቀለበቶች እንዳይጠፉ በፑሌጃው ውጭ በኩል ይታሰራሉ።

ካንዴላና ፑንቲና፦ የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ነው። የእሳት አሰጣጡ ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ስለሆነ የካንዴላ ገመዶች ሲነቀሉ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል።

የአየር ማጣሪያ፦ በአብዛኞቹ ቮልሶች ላይ ያለው ማጣሪያ አቧራውን በዘይት ውስጥ የሚያስቀር ነው። በጠጠር መንገድ ከተጓዙ በኋላ ዘይቱ ጭቃ መስሎ ከተገኘ ማጣሪያው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ታጥቦ አዲስ ዘይት ይደረግበታል።

የፍሬን ዘይት፦ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። እርጥበት ያለበት የፍሬን ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

በዕድሜ የሚመጡ አደጋዎች

በአሮጌ ቮልስ ላይ አራት ነገሮች ከውበት በፊት መታየት አለባቸው።

አንደኛው የነዳጅ ጎማ ቱቦ ነው። በሞተሩ ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ያንጠባጥባል። ብዙ ቢትሎች የጠፉት በአደጋ ሳይሆን በእሳት ነው። ቱቦው ርካሽ ስለሆነ ጊዜ ጠብቆ ሳይሆን ቀድሞ መቀየር አለበት፤ በመኪናው ውስጥ የእሳት ማጥፊያ መያዝም የግድ ነው።

ሁለተኛው ባትሪው ነው። የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ክዳን ከሌለው ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ሊነካና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የባትሪው አሲድም ከሥሩ ያለውን ላሜራ ያበላሻል።

ሦስተኛው ማሞቂያው ነው። ቮልስ ክፍሉን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ዙሪያ በሚያልፍ አየር ነው። የጭስ ማውጫው ከተበላ መርዛማው ጭስ ወደ ተሳፋሪዎች ይገባል። በደብረ ብርሃን ብርድ ማሞቂያ ከፍቶ ራስ ምታት የጀመረው ሰው መስኮቱን መክፈትና ማሞቂያውን መዝጋት አለበት።

አራተኛው ፍሬኑ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች አንድ የፍሬን መስመር ብቻ አላቸው። አንዱ ጎማ ጋ ቢፈስ አራቱም ፍሬን ያጣሉ። በኋላ የተሠሩት በሁለት የተከፈለ መስመር አላቸው።

ከፍታና ሙቀት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከባሕር ጠለል ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል። ባለ 40 የፈረስ ጉልበቱ ሞተር አዲስ አበባ ላይ የሚሰጠው 30 አካባቢ ነው።

ሁለተኛው ውጤት ቤንዚን መብዛቱ ነው። ካርቡሬተሩ የሚለካው የአየሩን ክብደት ስላልሆነ በስስ አየር ላይ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ፍጆታውም ይጨምራል። አንዳንድ መካኒኮች ለዚህ ቀዳዳው የጠበበ ዤት ይገጥማሉ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ለሚሄድ ሰው የከፍታው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ይህ ችግር አያመጣም። በዚያው ዤት ወደ አፋር ወይም ወደ ጅቡቲ ቆላ ቢወረድ ግን ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩም ከመጠን በላይ ይግላል። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ዤቱን መመለስ ይሻላል።

ሦስተኛው ማቀዝቀዣውን የሚመለከት ነው። ማራገቢያው የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው። ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ቮልስ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ ነገር ግን ማራገቢያው ቀስ ብሎ ይዞራል። ስለዚህ ማርሹን ቀድሞ መቀነስ ሞተሩን ያሳርፈዋል እንጂ አያደክመውም። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎችም ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚከላከሉ ስለሆኑ መጉደል የለባቸውም።

ሞተሩ ግሎ ቆሞ አልነሳም ካለ ቤንዚኑ በፓምፑ ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል። የኋላውን ኮፈን ከፍቶ መጠበቅ ወይም በፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው።

ረጅም ጉዞ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ በኩል በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል። ዳገት ስለማይበዛበት ጥገናው ላለቀ ቮልስ ጥሩ የመጀመሪያ መፈተኛ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንዳት ለሞተሩም ለፍሬኑም ይመቻል። ሐዋሳ ከካይሮ ወደ ኬፕ ታውን በሚወስደው አህጉራዊ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ደቡብ የሚቀጥል መንገደኛ በዲላና በያቤሎ አድርጎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሞያሌ ይደርሳል።

ከበድ ያለው ፈተና የጎጃም መንገድ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ወንዝ ድረስ መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከድልድዩ በኋላ ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። በዚህ ቁልቁለት ፍሬን ላይ እግርን ጭኖ መውረድ ታምቡሩን ያግላል፣ የፍሬን ሸራውም መያዝ ያቆማል። ከመውረድ በፊት ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት፣ ፍሬንን አጥብቆ ይዞ መልቀቅ፣ ማርሽ ፈትቶ አለመንሸራተት ያስፈልጋል።

የጎማ ንፋስም ከሌላ መኪና ይለያል። ክብደቱ ከኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው የጎማ ዓይነት ከፊት 16–18፣ ከኋላ 24–27 ፒኤስአይ ይሞላል። ጎሚስታው አራቱንም እኩል ቢሞላ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ከኋላው መንሸራተት ይቀናዋል። በመታጠፊያ ውስጥ በድንገት ፍሬን መያዝም በተለይ በቀደሙት ሞዴሎች አደገኛ ነው።

ለጉዞ የሚያዙ ነገሮች፦ ትርፍ ቺንጋና የሚፈታበት ቁልፍ፣ ፑንቲናና ኮንደንሰር፣ ሁለት ካንዴላ፣ የነዳጅ ቱቦ ከነማሰሪያው፣ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ ክሪክ፣ ስኮርት ጎማና የእሳት ማጥፊያ። በፖርቶ መጋላ ላይ ከባድ ዕቃ መጫን በነፋስ ጊዜ መኪናውን ስለሚያወዛውዝ አይመከርም። ባለ 6 ቮልት መብራት ያላቸው ቮልሶች በሌሊት አርቀው አያሳዩም፤ ከብትና እግረኛ በሚበዛበት መንገድ ከመምሸቱ በፊት መድረስ ይሻላል።

የጋራዥ ቃላት

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ብዙዎቹ ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው፦ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ፑንቲና፣ ክሪክ፣ ማርሚታ፣ ጎሚስታ። በየዓመቱ ከምርመራ በኋላ የሚለጠፈው «ቦሎ» ሳይቀር ጣልያንኛ ነው። የፋብሪካውን መመሪያ በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ የሚያነብ ጀማሪ እነዚህን ቃላት ካላወቀ ከመካኒኩ ጋር መግባባት ይቸግረዋል።

መለዋወጫና የወደፊት ዕጣ

ያገለገለ ዕቃ በብዛት የሚፈለገው በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። ቢትል በብዙ አገሮች ስለተሠራና ክፍሎቹ ከዓመት ዓመት ስለሚቀራረቡ ከሌሎች አሮጌ መኪናዎች ይልቅ ዕቃው በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ሲገዛ ሞዴሉን ማመሳከር ይገባል፤ የ6 ቮልትና የ12 ቮልት ዕቃዎች አይለዋወጡም።

የአገሪቱ ሕግም የአሮጌ መኪናን ዋጋ ለውጧል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር በማስገባት ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በአገር ውስጥ ያሉት ቮልሶች እንግዲህ የሚተኩ አይደሉም።

ዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን መኪናን ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት ሲሞላው፣ እንደ ጥንቱ ተጠብቆ ሲቆይና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣነት ሳይውል ሲቀር ነው። በዚህ መለኪያ በየቀኑ ባለቤቱን ሥራ የሚያደርስ ቮልስ ዕድሜው ቢደርስም አይቆጠርም። ከዚህ የተነሳ ባለቤቶች ሁለት ምርጫ ይገጥማቸዋል። አንዱ ያለውን እንደ ቀድሞው ጠብቆ ማቆየት ነው። ሌላው ለዛሬ መንገድ እንዲስማማ መለወጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ቮልስዋገን ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የተለወጠ ቢትል አሳይቷል። የፍሬን፣ የመብራትና የደኅንነት ቀበቶ ማሻሻያ ከሁለቱም መንገድ ጋር ይሄዳል። አሮጌው ዕቃ ሳይጣል ከተቀመጠ ደግሞ መኪናውን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ሁልጊዜ ይቻላል።